ሉፕ ለምታስገባ ሴትም ማደንዘዣ ይሰጣት

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፤

ባለፈው ጥር ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የእርግዝና መከላከያ) ላስገባ ከፒያሳ ታክሲ ይዤ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ከእኔ በፊት የገባችው ልጅ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ነበር የመረጠችው። «መርፌው ትንሽ ቆነጠጠኝ እንጂ ሌላው አልተሰማኝም» አለችኝ ስትወጣ። ማደንዘዣ ተወግታ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ የተሰጠኝ «አይዞሽ» ብቻ ነበር።

የማህፀኔ በር በመሣሪያ ተቆንጥጦ ተያዘ። ከዚያ የማህፀኔን ጥልቀት ለመለካት ቀጭን ዘንግ ገባ። ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ጮህኩ። «ይሄን ካልቻልሽ ምጡን እንዴት ልትችዪው ነው?» ተባልኩ። ሲስተሯን አልቀየማትም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሷም የለመደችውን ነው የሠራችው። ንግግሯ ግን ሕመሙ ከለቀቀኝም በኋላ አልወጣልኝም። ጩኸቴን ደጅ የተቀመጡት ሰምተዋል። ስወጣ ከነሱ አንዷ ተነስታ ሄዳለች።

የወለዱ ጓደኞቼ «እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው» ብለውኝ ነበር። ለነሱ እውነት ነው። ላልወለደች ግን ብዙ ጊዜ ይብሳል፤ ይህን የነገረኝ የለም። ሉፑን እያጣጣልኩ አይደለም። ያስገባሁት የመዳቡ ዓይነት ሆርሞን የለውም፣ 10 ዓመት ይሠራል፣ ዛሬም አለኝ፤ ተስማምቶኛል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ሉፕ ከመግባቱ በፊት ስለ ሕመሙና ስለ ማስታገሻው ከሴቷ ጋር መነጋገር እንደሚገባ ገልጿል። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በማህፀን በር ዙሪያ ሲወጋ ወይም ሲቀባ ሕመሙን ሊቀንስ እንደሚችልም ጠቅሷል። ሊዶኬይን እኮ ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ጥርስ ሲነቀል የምንወጋው፣ ክንድ ላይ ሲቀበርም የሚሰጠው እሱ ነው። እዚያው ክሊኒክ ውስጥ አለ ማለት ነው። እርግጥ የማህፀን በር ዙሪያ መውጋት ሥልጠና ይፈልጋል፤ መርፌውም ራሱ ያማል። እስኪሠለጥኑ ድረስ ግን ቢያንስ አስቀድሞ ይነገረን። «አቁሚልኝ» ስንልም ይቁም። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

በሚቀጥለው ወር ታናሽ እህቴ ቀጠሮ አላት። አብሬያት እገባለሁ። ማደንዘዣ አለ ወይስ የለም የሚለው ሳይመለስልን አልጋው ላይ አትወጣም።

አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ