ጉዳዩ፦ በእጁ ላይ የደረሰበት ሕመም በአግባቡ ሳይመረመር ስለተሰናበተ ታካሚ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ታናሽ ወንድሜ በጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ በማስገር የሚተዳደር ሲሆን፣ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ከመረብ ሲያላቅቅ የጀርባው እሾህ አውራ ጣቱ ሥር ወጋው። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም በማግስቱ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ፣ ብርድ ብርድ እያለው ወደ ክሊኒካችሁ መጣ።

ለተረኛው ባለሙያ ደጋግሞ የተናገረው «ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ሕመሙ ግን አጥንቴ ድረስ ይቆርጠኛል» የሚል ነበር። ያገኘው መልስ «ለዚህች ጭረት ወንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል?» የሚል ሲሆን፣ የሙቀት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ ትኩሳቱ እንኳ ሳይለካ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተወግቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መርፌው ሕመሙን ስላስታገሰለት ሌሊቱን ተኛ፤ በሽታው ግን አልተኛም። ሲነጋ ክንዱ ጠቁሮ ውኃ ቋጥሮ ስላገኘነው በባጃጅ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል አደረስነው፤ በዚያው ዕለትም ቀዶ ሐኪሞች ክንዱን ከፍተው የሞተውን ሥጋ አነሡለት።

በሽታው ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ እንደሚባል፣ ከቆዳ በታች ጡንቻን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ተከትሎ በፍጥነት እንደሚዛመት፣ መጀመሪያ ላይ ቆዳው ጤናማ ሊመስል ስለሚችል ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ሕመም ዋናው ማስጠንቀቂያ እንደሆነ፣ የሞተው ሥጋ ደም ስለማይደርሰውም አንቲባዮቲክ ብቻውን እንደማያድን የነገሩን እነዚሁ ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ይህን ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ ኤሮሞናስ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር ነውና፣ ሐይቅ ዳር የሚሠራ ክሊኒክ «ቁስልህ ውኃ ነክቶታል ወይ?» ብሎ አለመጠየቁ ከሁሉ በላይ አሳዝኖኛል።

የወንድሜ ሕይወትም ክንዱም ተርፏል፤ ሆኖም ጣቶቹ በደንብ ስለማይታጠፉ መረብ መጎተት አልቻለም። የከፈልነው ገንዘብ ይመለስ አላልኩም። የምጠይቀው ጉዳዩ ተጣርቶ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ፣ ወደፊትም እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ እንዲለካ፣ የእብጠቱ ዳርቻ በእስክሪብቶ ተሰምሮ መስፋፋቱ እንዲታይ፣ ሕመሙ ከቁስሉ ከበለጠም ሳይውል ሳያድር ሪፈር እንዲጻፍለት ነው።

በካርዱ ላይ «ቀላል የእጅ ቁስል» ከሚል በቀር ስለ ሕመሙ የተጻፈ አንዳች ነገር እንደሌለ አይቻለሁ። ግልባጩን ስጠይቅ ካርድ ክፍሉ ያለ እርስዎ ፈቃድ እንደማይሰጥ ስለነገረኝ፣ ፈቃድዎ ለካርድ ክፍሉ በጽሑፍ እንዲደርስልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚው ታላቅ ወንድም