ነገርህን ከሌላ ሰው አፍ አታሰማኝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔም፣ እናትህም፣ እኅትህም ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ሴት በርበሬና ሽሮም ይዛልሃለች፤ በርበሬውን ሳታሳድር ከላስቲኩ አውጥተህ በጠርሙስ ገልብጠው፣ ወበቅ ከነካው ይሻግታል።

ባለፈው ወር ከእድር ስብሰባ ስወጣ አንድ ጎረቤታችን ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ልጅህ ሩጫውን ትቶ ለአሜሪካ ጦር ፈረመ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ ወይስ አይዞህ?» አለኝ። እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁና አለፍሁ። ወደ ቤት መሄድ ስላልቻልሁ ወደ ጣና ዳር ወርጄ እስኪመሽ ተቀመጥሁ። ያንገበገበኝ መፈረምህ ብቻ አይደለም፤ መፈረምህን ከአንተ አለመስማቴ ነው። ልጄ፣ ነገርህን ከሌላ ሰው አፍ አታሰማኝ።

በክረምት የላክህልኝን ፎቶ አሁን እንደገና አውጥቼ አየሁት። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ ከተሠራው ትልቅ ድልድይ ላይ ቆመህ፣ «አባዬ፣ ዓባይ ትዝ አለኝ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ በግንቦት 2016 የተመረቀው የእኛ ድልድይ 380 ሜትር እንደሚረዝም መለስሁልህ፤ ያንተ ድልድይ በማን ስም እንደ ተሰየመ ግን አልጠየቅሁም። ከእድሩ ወሬ በኋላ እኅትህ ፈልጋ አነበበችልኝ። በሁለት ሰዎች ስም ነው የተሰየመው፤ አንዱ የኔቫዳ ገዢ የነበሩት፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በኮሪያ ጦርነት እግራቸውን ያጡት ማይክ ኦካላሃን ናቸው። ሁለተኛው ፓት ቲልማን ነው፤ እርሱን አንተ ሳታውቀው አትቀርም፣ ምናልባትም እዚያ ድረስ የሄድኸው ስለ እርሱ ይሆናል።

ይህ ሰው በአሜሪካ እግር ኳስ የታወቀ ተጫዋች ነበር። ለሦስት ዓመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝለትን ውል ትቶ በ1994 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። ሚያዝያ 14 ቀን 1996 አፍጋኒስታን ውስጥ ሞተ፤ 27 ዓመቱ ነበር። አንተም በመጪው ጥር 27 ዓመት ይሞላሃል፤ እኅትህ እዚህ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ለቤተሰቡ ጠላት ገደለው ተብሎ ተነገረ፣ የጀግና ሜዳይ ተሰጠው፣ የመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን ታየ። የመታው ጥይት የገዛ ጓዶቹ ጥይት መሆኑ ለወላጆቹ የተነገራቸው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እናቱም እውነቱን ለማግኘት ለዓመታት ስትጠይቅ ኖረች። እኔ የዚያችን እናት ነገር ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ወታደርነትን የምንቅ እንዳይመስልህ። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ማሞ ወልዴም እንዲሁ ነበር፣ ወደ ኮሪያም ዘምቷል፤ ምሩፅ ይፍጠርም ከአየር ኃይል ነው የወጣው። ነገር ግን እነርሱ ጦሩ ውስጥ ገብተው ሩጫን አገኙ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ መለዮውን አልጣለም፣ እግሩንም አልጣለም። አንተ ግን አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላህ በቤዛዊት ዳገት ያለማመድሁህን፣ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ብቻ ናት፣ ሳንባ አይሠራባትም ተብሎ ደብረ ታቦር ድረስ የላክሁህን እግር አስቀምጠህ ልትገባ ነው። ይህን ሳስብ እቆጣለሁ። እንደገና ደግሞ የጅማትህን ሕመም፣ ማናጀሩ ሳይከፍልህ የቀረውን የሁለት ውድድር ገንዘብ፣ ሌሊት መጋዘን ውስጥ እየሠራህ ጧት መሮጥህን አስባለሁና ቁጣዬ ይበርዳል። በኬንያ የተወለደው ፖል ቼሊሞ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ በ5000 ሜትር ብር አግኝቷል። ስለዚህ አትሌቶች በጦሩ ውስጥ ሆነው የሚሠለጥኑበት መንገድ ለአንተም ይከፈት እንደሆነ ጠይቅ። በጤና ምርመራው ላይም ጅማትህን አትደብቅ። እዚያ የደበቅኸው ሕመም በከባድ ጫማና በሸክም ይወጣል፣ ያን ጊዜም እኔ ከሌላ ሰው አፍ እሰማዋለሁ።

አሁን ስለ አጎትህ ልንገርህ። «ሱዳን የቀረው አጎትህ» እያልን ነው ያሳደግንህ፤ ሱዳን አልቀረም።

በ1976 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር በታንኳ ያደረስሁት እኔ ነኝ። ደንገሉ አዲስ ስለነበረ ታንኳው ቀላል ሆኖ ይፈጥን ነበር፤ እርሱ ግን፣ «ቀስ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ከነበረው ናደው ዕዝ ከሚባለው ጦር ሁለት ደብዳቤ ጽፎልናል። በመጋቢት 1980 ዕዙ ሲደመሰስ ወሬው ጠፋ። በ1981 አብሮት የነበረ አንድ ቁስለኛ ባሕር ዳር መጥቶ ፈልጎ አገኘኝና አወዳደቁን በዓይኑ እንዳየ ነገረኝ። አያትህ ያን ጊዜ ቡናዋን እየለቀመች ነበር። ለቀማው ይለፍና ሽማግሌ ይዤ በማለዳ ገብቼ አረዳታለሁ አልሁ። ለቀማው ሲያልፍ ጾም ገባ፣ ፋሲካን በእንባ እንዳታሳልፍ አልሁ፤ ከዚያ በኋላ ታመመች። «ሱዳን ገብቷል አሉ» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው በዚያ ሕመሟ ጊዜ ነው። ተነሥታ ተቀመጠች፣ እህልም ቀመሰች። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው?

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የዘጌ ልጆች በእግራቸው እየተንጠባጠቡ ሲመጡ፣ እርሷ ጀልባ የሚያርፍበት ዳር ቆማ ለእያንዳንዱ ውኃ ትሰጥ ነበር፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ስለ ልጇ ትጠይቀዋለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አያለሁ። ያን የሱዳን ቃል ከሰማች ጀምሮ ሰባት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ፣ የእርሱን ጋቢ በየዓመቱ እያጠበች አጥፋ እንዳስቀመጠች በ1988 ዐረፈች። የዚያን ዕለት ለቅሶ የሁለት ሰው ነበር፤ የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርሁ። የዚያችን የአሜሪካ እናት ልጅ ሞት የሸፈኑባት ባዕዳን ናቸው፤ የእኔን እናት ግን የሸፈንሁባት እኔ ልጇ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ለአንተ ግን እስከ ዛሬ አፌ አልደፈረም።

አሁንም ያንኑ እያደረግሁ ነው። እናትህ መፈረምህን አታውቅም። ወር ሙሉ፣ «ልጄ ምነው ድምፁ ራቀ?» ስትለኝ፣ «ልምምድ በዝቶበት ነው» እያልሁ እመልስላታለሁ። እኅትህንም ዝም አሰኝቻታለሁ። ይህን ለሁለተኛ ጊዜ ልሸከመው አልችልም፣ ልጄ።

ስለዚህ የምልህን አድርግ። አደጋ ሲደርስ ማን ይነገረው ተብሎ በሚሞላው ቅጽ ላይ የእኔን ስልክ ብቻ አትጻፍ፤ መስመሩ ይጠፋል፣ የእኅትህን ጨምርበት፤ ስማችንንም በፓስፖርትህ ላይ በተጻፈው ፊደል ጻፈው። ክርስትና ስምህንና የቤተ ክርስቲያናችንን ስም በወረቀት ጽፈህ በኪስህ ያዝ። ወዴት እንደሚልኩህ በነገሩህ ቀን ንገረኝ፤ ብትቆስል ቆሰልሁ በል፤ ብትጸጸትም ተጸጸትሁ በል፤ አልቆጣህም። ብቻ ከሌላ ሰው አፍ አታሰማኝ።

ደብዳቤው በደረሰህ በመጀመሪያው እሑድ ደውል። እናትህ ቅዳሴ አስቀድሳ ከረፋዱ 4 ሰዓት ቤት ትገባለች፤ እዚያ የቅዳሜ እኩለ ሌሊት ግድም ስለሚሆን እንቅልፍህን ታገሠው። መጀመሪያ ቁርስ መብላቷን ጠይቃት፣ ከዚያ በኋላ ራስህ ንገራት። ስልኩን እኔ አላነሣም፤ እርሷ አጠገብ አስቀምጬው በረንዳው ላይ እቆያለሁ።

አባትህ፣ ከባሕር ዳር