የወይን ጠጅ ሙዚየም ለባቱ

ለአዘጋጁ፦

የስምጥ ሸለቆ ቱሪዝም ሲነሳ ወሬው ሁሉ ሐይቅና ወፍ ነው። እኔ ግን ባቱ (ዝዋይ) ላይ የወይን ጠጅ ታሪክ ሙዚየም እንዲከፈት እጠይቃለሁ። ታሪኩ ሩቅ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የመርከበኞች መመሪያ ከጣሊያንና ከሎዶቅያ ጥቂት የወይን ጠጅ የጥንቱ አክሱም መውጫ በነበረው በአዱሊስ ወደብ ይገባ እንደነበር ይመሰክራል። በእኛ ዘመን ደግሞ ጉደርና አክሱማይት የተባሉት የአገራችን ወይን ጠጆች ስንቱን ሠርግ አድምቀዋል!

ቦታው ባቱ ይሁን የምለው የወይን ማሳ እዚያው ስላለ ነው። ጅብና ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያውን ሰፊ ቦይ ተቆፍሮለታል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ አይረሳውም።

የከተማው አስተዳደርና አምራቾቹ አንድ አዳራሽ ይመድቡ። ሥራው ዘንድሮውኑ የጡረተኛ ሠራተኞችን ቃል በመቅዳት፣ አሮጌ ጠርሙሶችንና በርሜሎችን በማሰባሰብ ይጀመር።

አንባቢያችሁ