ስልኩን ለምን አጠፋነው? ለምንስ ቀስ እንላለን?

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ?

ካለፉት ሁለት ጉዞዎች በኋላ መልእክቶች ደርሰውናል። አብዛኞቹ ምስጋና ናቸው፤ እናመሰግናለን። ሦስቱ ግን ቅሬታ ናቸው። አንዱ «ግማሽ ቀን ሙሉ ወጥተን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን አልሄድንም» ይላል። ሌላው «ድሮ ወፎቹን በስልክ ትጠሩልን ነበር፤ አሁን ምን ነካችሁ?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደንበኛችን ደግሞ ቦታ ሞልቷል ተብለው በመመለሳቸው ተቀይመዋል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። አሠራራችንን ቀይረናል፤ ለምን እንደቀየርን ግን በቅጡ አልነገርናችሁም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ለዚሁ ነው።

ለአዲሶች በአጭሩ፣ እኛ ትንሽ ድርጅት ነን። ከወፍና ተፈጥሮ ክበቡ ጋር ሆነን ጉዞ እናዘጋጃለን፣ አስጎብኚ እንመድባለን፣ ባይኖኩላር እናከራያለን። የት እንደሚኬድ ክበቡ ይወስናል። እንዴት እንደሚኬድ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።

ከስልኩ እንጀምር። ከሁሉም የከበደን እሱ ነው።

አንድ ወፍ አልታይ ሲል የዘሩን ድምፅ በስልክ ማጫወት ቀላል ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀው ወንድ ብር ብሎ ይወጣል። ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጮኻል። ሁሉም ፎቶ ያነሳል፤ ሁሉም ይደሰታል። እኛም ለዓመታት አድርገነዋል። ወፉ ግን የመጣው እኛን ሊጎበኝ አይደለም። ድምፁን ሲሰማ ሌላ ወንድ ግዛቱ ውስጥ የገባበት መስሎታል። ሊደባደብ ነው የወጣው። የሚደባደበውን ሲያጣ ደግሞ ወዲያው አይመለስም። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ አይበላም። ጫጩት ካለው ጫጩቶቹም አይበሉም።

ይህን በወሬ ሳይሆን በዓይናችን ነው ያየነው። አንድ ጠዋት አስጎብኚያችን ድምፁን ሦስት ጊዜ አጫወተ። ወፉ መጣ። አፉ ውስጥ አረንጓዴ አባጨጓሬ ይዞ ነበር። የትሉ ጫፍ ከምንቃሩ ጎን ተንጠልጥሎ ይወራጫል። ሊውጠው አልነበረም፤ ወደ ጎጆው ይዞት ሲሄድ ነው የጠራነው። እኛ ፎቶ ስናነሳ እሱ ትሉን እንደነከሰ ወዲያ ወዲህ ሲዞር ቆየ። በመጨረሻ አፉን ከፍቶ ጮኸ። አባጨጓሬው ወደቀ። ከመካከላችን ማንም ምንም አላለም። አስጎብኚያችን ስልኩን ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለዚህ ሥራ አላወጣውም፤ እኛም አውጣ አላልነውም።

ስልክ አትያዙ እያልን አይደለም። እንደ መርሊን ያሉ መተግበሪያዎች በአካባቢው ያለውን ድምፅ አዳምጠው የየትኛው ወፍ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማሉ። ማዳመጥ ማንንም አይጎዳም፤ ጉዳቱ ማጫወቱ ላይ ነው። ናሙና ድምፅ መስማት ካማራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ደግሞ መተግበሪያው ስም ስለጠራ ብቻ አትመዝግቡ። ይሳሳታል። ወፉን ፈልጋችሁ እዩት፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ቀስ ማለቱ። ሰው ሲመጣ ወፍ ዝም ይላል። እግር ሲንኳኳ፣ ጃኬት ሲንሻሻ፣ ወሬ ሲደራ ጫካው ባዶ ይመስላል። አንድ ቦታ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ስትቆሙ ግን ነገሩ ይቀየራል። መጀመሪያ ድምፅ ይመለሳል። ቀጥሎ ቅጠል ይነቃነቃል። ከዚያ ድንቢጦቹ እናንተን ረስተው መሬት ላይ ይለቅማሉ። ግንደ ቆርቁር ከሆነ ደግሞ ግንዱን ዞሮ ተደብቆ ይቆይና አንገቱን በጎን ብቅ ያደርጋል። ሩብ ሰዓቱ ሳይሞላ ከተነሳን ይህን ሁሉ ለቀጣዩ መንገደኛ ትተንለት ሄድን ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር አለመሙላቱ ስንፍና አይደለም። ሆን ብለን ነው።

ወፍ ሲታይ ክንድ ዘርግቶ መጠቆም ቶሎ ያባርረዋል። በዚህ ፈንታ ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት እንቆጥረዋለን። ጫፉ 12 ነው፣ በስተቀኝ 3፣ ከታች 6። «3 ላይ ነው» ስንል ከዛፉ በስተቀኝ መሐል ላይ ነው ማለታችን ነው። አንድ ደንበኛችን «እስከ 3 ሰዓት ልንጠብቀው ነው እንዴ?» ብለው አስቀውናል። ወፉም የሳቃችንን ድምፅ ሰምቶ ሄደ።

ጎህ ሳይቀድ ውጡ ማለታችንም ያለምክንያት አይደለም። ትንንሽ ወፎች ሌሊቱን ሙሉ ሳይበሉ የሰውነታቸውን ስብ እያነደዱ ነው የሚያድሩት። ጠዋት ርቧቸው ይነሳሉ፤ ይሯሯጣሉ። ገና ብርሃኑ ምግብ ለመፈለግ በቂ ሳይሆን ደግሞ ይዘምራሉ። በዚያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱም ጫጫታውም ስለሚያንስ ድምፃቸው ርቆ ይሰማል። ፀሐይ ከፍ ስትል ዝማሬው ይቀንሳል፤ ሁለት ሰዓት ያረፈደ ሰው ሌላ ጫካ ነው የሚያገኘው።

እንቅልፍ ለምትወዱ ግን መልካም ዜና አለን። ንስርና ጥንብ አንሳን የመሰሉ ትልልቅ ወፎች እንደ እናንተው አርፋጆች ናቸው። መሬቱ ሞቆ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ እስኪነሳ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳይደክሙ በአየሩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ለእነሱ ሲባል ረፋድ ላይ የሚጀምር ጉዞ ከዚህ ወር ጀምሮ ጨምረናል። ለጠዋቱ ጉዞ የተመዘገባችሁ ወደዚያ መዛወር ትችላላችሁ።

አንድ ቡድን ከአሥር ሰው አይበልጥም ያልነው ጠባብ መንገድ ላይ አሥራ አንደኛው ሰው የሚያየው የአሥረኛውን ጀርባ ስለሆነ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። የተቀየሙትን ደንበኛችንን በሚቀጥለው ጉዞ ቀዳሚ ተመዝጋቢ አድርገናቸዋል።

ስለ ባይኖኩላሩ ትንሽ በሰፊው እናውራ፤ ምክንያቱም «ይደበዝዛል» ተብሎ ከተመለሰልን ውስጥ አብዛኛው ምንም አልሆነም። የምናከራየው 8 በ42 ነው። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል። 42 የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉት 5 ከሩብ ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህ ወደ ዓይናችሁ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በደብዛዛ ማለዳ ትልቅ ጥቅም አለው። «10 እጥፍ የለም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። አለ። ነገር ግን ወፉን ሲያጎላ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ የሚያሳየው ስፋትም ብዙውን ጊዜ ይጠባል። ለጀማሪ 8 ይሻላል ባዮች ነን።

ስትረከቡ ይህን አድርጉ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማዎቹን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ የማታደርጉ ወደ ውጭ አውጧቸው። ሁለቱን ቱቦዎች አንድ ክብ እስኪታያችሁ ድረስ አቀራርቡ። ከዚያ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በግራው ብቻ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የዛፍ ቅርፊት፣ እያያችሁ መሐል ያለውን መዘውር አዙሩ። ጥርት ሲል ግራውን ጨፍኑ። አሁን መሐሉን ሳትነኩ በቀኙ በኩል ያለችውን ትንሽ ቀለበት ብቻ አዙሩ። አለቀ። የሁለት ሰው ዓይን አንድ ዓይነት ስላልሆነ ባይኖኩላር ከጓደኛችሁ በተቀበላችሁ ቁጥር ይህን መድገም አለባችሁ። ከእናንተ በፊት የተከራየው ሰው በራሱ ዓይን ልክ ትቶት ነው የሚደበዝዘው። ወፍ ስታዩ ደግሞ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ጎንበስ ብላችሁ ከፈለጋችሁት ወፉ ይጠፋባችኋል። ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩት፤ ዓይን ያጠፋል። ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ መጥረግም ይቅር። አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል፤ መጀመሪያ እፍ በሉበት።

በየጉዞው የምናድላችሁን የቆጠራ ወረቀት ቀልድ ያደረጋችሁትም አላችሁ። ቁራ መቁጠር ምን ያደርጋል ተብለናል። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ የወፍ አዋቂ፣ በበዓሉ ወፍ በመግደል ከመፎካከር ለምን በመቁጠር አንፎካከርም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት የገና ዕለት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ቆጠሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል። የትኛው ወፍ እየቀነሰ፣ የትኛው እየበዛ እንደሆነ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድ ደግሞ ማንም ሰው ያየውን ወፍ የሚመዘግብበት የኢንተርኔት መዝገብ ነው። የእኛም ወረቀት ወደዚያው ይገባል። አንድ ወፍ እየጠፋ መሆኑ የሚታወቀው ብዙ በነበረበት ጊዜ የቆጠረው ሰው ካለ ነው። ስለዚህ ቁራውንም ጻፉት።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ ግን ሁላችንንም ጥሩን። ድሮ ወፎች በብርድ ወራት ወዴት እንደሚሄዱ አይታወቅም ነበር፤ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ የሚሉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1822 በጀርመን አንድ ሽመላ ተገደለ። አንገቱን ወግቶ ያለፈ ረጅም ቀስት ነበረው፤ ቀስቱም የመካከለኛው አፍሪካ ሥራ ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ ቀስቱን ይዞ በርሯል። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ መምህር ቁጥር የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም ቀለበቶች በወፎች እግር ላይ ማድረግ ጀመረ። ከሁሉ የሚገርመን የዊዝደም ታሪክ ነው። ይህች አልባትሮስ፣ ማለትም ትልቅ የባሕር ወፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ሚድዌይ ደሴት ላይ ቀለበት ታሰረላት። ያሰረላት ቻንድለር ሮቢንስ ከ46 ዓመት በኋላ እዚያው ደሴት ላይ በድጋሚ ያዛት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻም እንቁላል ጥላ ታይታለች። ይህ ሁሉ የታወቀው እግሯ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያነብ ሰው ስለነበረ ነው። ሳትቀርቡ፣ በባይኖኩላር ብቻ፣ ቀለሙንና ቁጥሩን ጻፉልን። ግማሹ ብቻ ቢነበብም ይጠቅማል።

ጎጆ ላይ ግን ድርድር የለንም። አንቀርብም፤ ለፎቶ ብለን ቅጠል አንገልጥም። ቅጠሉ የጫጩቶቹ ጥላም መደበቂያም ነው። ቁራ ደግሞ ብልጥ ነው፤ ሰው የቆመበትን ቦታ አይቶ ሊፈትሽ ይመጣል። ጎጆ ያለበትን ቦታም በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ።

የቀረው ትንሽ ነው። ደብዘዝ ያለ ቀለም ልበሱ፤ የሚንሻሻውን ጃኬት ቤት ተዉት። ልጆች ከወላጅ ጋር ይመጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከአዋቂዎቹ ይልቅ ዝም የሚሉት እነሱ ናቸው። ኃይለኛ ነፋስ ወይም ዝናብ ካለ ጉዞውን እንሰርዛለን። የከፈላችሁትን ወይ እንመልሳለን ወይ ለቀጣዩ እናዛውራለን፤ ምርጫው የእናንተ ነው። በአዲሱ አሠራር የማትስማሙም ያስያዛችሁትን ገንዘብ ያለምንም ጥያቄ መውሰድ ትችላላችሁ።

ባለፈው ጉዞ ጥቁር ጃንጥላና አንድ የልጅ ጓንት መኪናው ውስጥ ተረስቶ ተገኝቷል። ጓንቱ የግራ እጅ ነው። ቢሮ አስቀምጠንላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ዝግጅት ክፍሉ