የታማሚ በረራ ከመነሣቱ በፊት ይታወቅልን፦ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ስለ ሕክምና በረራዎች የበረራ ዕቅድ አሞላልና የጥሪ ስም አጭር መመሪያ ለሆስፒታሎች እንዲደርስ ስለመጠየቅ

በመሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ላይዘን ኦፊሰር ነኝ። ሪፈር የተጻፈለትን ታማሚ እቀበላለሁ፣ አልጋ እፈልጋለሁ፣ አምቡላንስ እልካለሁ። ስለ አየር ትራፊክ ላስተምራችሁ አልተነሣሁም። የምጽፈው በእናንተ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው አንድ ቃል ከእኛ ዋርድ መውጣት ሲኖርበት፣ ያን ቃል ግን የሚጠይቀን ሰው ስለማይመጣ ነው።

ቃሉ የሚገባው በዓለም አቀፉ የበረራ ዕቅድ ቅጽ 18ኛ ተራ ላይ ነው። ከኅዳር 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ቅጽ ለሕክምና የተለዩ ሁለት መለያዎች አሉ፤ “ሆስፕ” እና “ሜዴቫክ”። የመጀመሪያው የሕክምና ባለሥልጣን ላረጋገጠው የሕክምና በረራ ሲሆን ሁለተኛው ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው በአስቸኳይ ለማውጣት ነው። የትኛው እንደሚጻፍ ልዩነት አለው። ለምሳሌ በአውሮፓ የበረራ ፍሰት ቁጥጥር ሜዴቫክ የተባለ በረራ ወረፋ ሳይጠብቅ ይስተናገዳል፤ ሆስፕ ብቻ የተባለው ግን በዚያ ብቻ ከወረፋ ነፃ አይሆንም። ዕቅዱን የሚሞላው የአየር መንገድ ሠራተኛ (ዲስፓቸሩ) ሁለቱንም ትቶ በማስታወሻው ቦታ “ታማሚ ይዟል” ብሎ ከጻፈ ደግሞ ለሰው ዓይን ይታያል እንጂ ኮምፒውተሩ ለይቶ አያስተናግደውም።

ታዲያ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ማን ነው? ሐኪሙ መሆን አለበት። እኔ ዘንድ የሚደወለው ግን ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ ቃሬዛ እንዳለ፣ ኦክስጅን እንዳለ ለመጠየቅ ነው። “ለሕይወቱ ያሰጋል ወይስ ቀጠሮ ያለው ታማሚ ነው?” ብሎ የጠየቀኝ የቻርተር (የኪራይ አውሮፕላን) ሠራተኛ አላስታውስም።

ሰዓቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሐኪሙ “ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል” ይለኛል። እኔ ለአምቡላንሱ ሾፌር ስምንት እላለሁ። የአየር መንገዱ ሰው 14:00 ብሎ ይመዘግባል፤ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 1100 ነው። ያንን 11 አይቶ ወደ እኛ የሚደውል ሰው “አሥራ አንድ ሰዓት” ካለ ታማሚው ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃሬዛ ላይ ይቆያል ማለት ነው። በሌላ አገር ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ያደናግራል፤ እኛ በሦስት ነው የምንሠራው። የበረራ ዕቅድ በመደበኛው አሠራር ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ መቅረብ አለበት፤ ቁጥጥር የሚደረግበት በረራ ከ30 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ደግሞ ዕቅዱ ይስተካከላል ወይም ተሰርዞ በአዲስ ይተካል። ቱቦ የገባለትን ታማሚ ከአልጋ ወደ ቃሬዛ ማዛወር ብቻ ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅ ዋርድ ውስጥ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

ሐኪሙ የሚያውቀው፣ በ15ኛው ተራ ላይ የበረራውን ከፍታ የሚሞላው ሰው ግን የማይሰማው ሌላም ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከሰመራ ወይም ከጋምቤላ ቆላ የሚነሣ፣ ሳንባው ዙሪያ አየር የቋጠረ ታማሚ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የታሰረው አየር ይለጠጥበታል። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት አየሩ በቱቦ መውጣት አለበት፤ ወይም አብራሪው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት በሚችለው ልክ እንዲያስተካክል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ወደ ጥሪ ስም፣ አውሮፕላኑ በሬዲዮ ወደሚጠራበት ስም ልለፍ። በ7ኛው ተራ ላይ ከሰባት የማይበልጡ ፊደላትና አኃዞች ይገባሉ፤ የአውሮፕላኑ መዝገብ ወይም የድርጅቱ መለያና የበረራው ቁጥር። በአሜሪካ የሕክምና በረራ አብራሪ በሬዲዮ ከጥሪ ስሙ በፊት “ሜዴቫክ” ይላል፤ ቀድሞ “ላይፍጋርድ” ነበር የሚባለው። እኛ አገር ያን ስም ከተቆጣጣሪው ሌላ መስማት ያለባቸው ሰዎች አሉ። አንድ ጊዜ የአምቡላንስ ሠራተኛችን በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ የታማሚውን ስም እየጠራ ቆመ። ጥበቃው የያዘው ወረቀት ላይ የጥሪ ስም ብቻ ነበር። ጥበቃው ልክ ነው፤ የእኛም ሰው ልክ ነው። ታማሚው ግን ከበሩ ወዲያ አስፋልት ላይ፣ ነርሷ ጃኬቷን ከፊቱ በላይ ዘርግታ ፀሐይ እየከለለችለት ይጠብቅ ነበር።

የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን ማረፊያው በመሪዎች አውሮፕላኖች ይሞላል፤ መስቀል አደባባይና ቦሌ መንገድም ይዘጋጋሉ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአየር ትራፊክ ሥርዓት የማረፍ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሲዘረዝር በመጀመሪያ ለደኅንነቱ ሲል ለማረፍ የተገደደውን፣ ቀጥሎ ሆስፒታል አውሮፕላንንና አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ ታማሚ የያዘውን ያስቀምጣል። የመሪ አውሮፕላን ቅድሚያ ቢያገኝ ባለሥልጣኑ ሲወስንለት ነው። የእኛ ታማሚ በቅጹ ላይ በትክክል ካልተጻፈ ግን ይህ ሁሉ አይጠቅመውም።

ያለአግባብ እንዳይጠቀሙበት መፍራታችሁ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ለምርመራ ወደ ባንኮክ የሚሄድ ባለጸጋ ሜዴቫክ አይደለም። ታማሚውን አድርሶ ባዶውን የሚመለስ አውሮፕላንም እንዲሁ። በጠና የታመመን ሰው ለማምጣት ባዶውን የሚሄደው ግን ይገባዋል እላለሁ፤ ይህን ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉልን።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። ሐኪሙ ከሁለቱ መለያዎች አንዱን መርጦ የሚፈርምበት፣ ሰዓቱ በሦስቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚጻፍበት፣ ስለ ከፍታ የሚያሳስብ ነገር ካለ የሚሰፍርበት ይሁን። አየር መንገዱ ዕቅዱን እንዳስገባ የጥሪ ስሙን ለላይዘን ክፍልና ለማረፊያው በር የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት። ሌሊትም ቢሆን የሚነሣ አንድ ስልክ ቁጥር ከግርጌው ይታተምበት። ረቂቁን በእጄ አዘጋጅቼ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ፤ የሚታረም ካለው እናንተው አርሙት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የሆስፒታል ላይዘን ኦፊሰር፣ አዲስ አበባ