ይድረስ ለፍራንዝ

ውድ ዳዊት፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጃታለሁ። የእትዬ አስካለን ነገር በምን አፌ እንደማነሳው ጨንቆኝ ነው። መርዶውን ስሰማ አርባቸው አልፎ ነበር። «አሁን ደውዬ ምን እላለሁ?» ስል ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ይኸው አራት ዓመት። ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ አሮጌ አውሮፕላን ነው። አትሳቅ።

ባለፈው ወር ከበርሊን በባቡር ፖላንድ፣ ክራኮው ሄጄ ነበር። እዚያ ድሮ አየር ማረፊያ በነበረ ቦታ የአቪዬሽን ሙዚየም አለ። አልባትሮስ ቢ 2 የሚባለው የጀርመን የስለላ አውሮፕላን ዘመድ እዚያ ቆሟል፤ በኋላ ለማሠልጠኛ የተሠራው ዓይነት ነው። በፊት በርሊን ነበር የተቀመጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ወደ ፖላንድ አሸሹት፤ በዚያው ቀረ። እኔም የበርሊንን አውሮፕላን ለማየት ከበርሊን ድንበር ተሻገርኩ።

ዋናው ቢ 2 በፈረንጆቹ 1914 የመጣ ነው። ክንፉ ላይና ታች ድርብ ነው፤ ሸራ ለብሶ በሽቦ ተወጥሯል። አካሉ ኮምፖርሳቶ ነው። ቀረብ ብለህ ስታየው የአናጢ እንጂ የፋብሪካ ሥራ አይመስልህም። ሞተሩ መርሴዲስ፣ 100 የፈረስ ጉልበት። ፍጥነቱ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአዳማ ሚኒባስ ጥሩንባ ነፍቶ ያልፈው ነበር!

መትረየስ የለውም። ጀርመኖች ያኔ «ቢ» ይሉት የነበረው መሣሪያ የሌለውን ባለ ድርብ ክንፍ ነው። ሥራው ማየት ብቻ ነበር፦ ጦሩ የት ሰፍሯል፣ አቧራው በየትኛው መንገድ ይነሳል፣ ባቡሩ ወዴት ይሄዳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በነሐሴ 1914፣ ታነንበርግ በተባለው ውጊያ ላይ ጀርመኖች ሩሲያን ሲያሸንፉ የአብራሪዎቹ ወሬ ጠቅሟቸዋል። ዓመት ሳይሞላ ግን ሰማዩ ላይ መትረየስ መጣ። ባዶ እጁን የሚበር አልቻለም፤ ለተማሪዎች ተሰጠ።

የገረመኝ አቀማመጣቸው ነው። ሁለት ሰው ይሳፈራል። አብራሪው ከኋላ፣ ተመልካቹ ከፊት። ተመልካቹ ብዙ ጊዜ መኮንን ነው፤ ካርታውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መንገድ ይመራል። ግን የተቀመጠው ሞተሩ ሥር፣ በሁለቱ ክንፎች መሃል ነው! ታች ሲያይ ክንፍ፣ ላይ ሲያይ ክንፍ። እንዲያይ የተላከውን ሰው የማያይበት ቦታ አስቀመጡት። ምክንያቱ ሚዛን ነው፤ እሱ ኖረም አልኖረም አውሮፕላኑ እንዳያዘነብል ብለው። በኋላ መትረየስ ሲሰጡት ነው ወደ ኋላ ያዛወሩት።

አሁን ስሙን ስማ። በወታደሮቹ ቋንቋ አብራሪው «ኤሚል»፣ ተመልካቹ «ፍራንዝ» ይባሉ ነበር። ፍራንዝ መንገድ ሲስት «ፌርፍራንዘን» አሉት። ቃሉ ዛሬም አለ። እዚህ ሰው መንገድ ጠፍቶት ሲያረፍድ ይላታል፤ እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስሰማት ከየት እንደመጣች አላውቅም ነበር።

እና ማን ትዝ አለኝ? ከወሊሶ ወዲያ የሄድንበት ሠርግ! አቅጣጫውን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጽፈህ «ቀኝ! ቀኝ ነው የምልህ!» ስትለኝ። ስንደርስ ሙሽሮቹ ሄደው ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። እትዬ አስካለ ማታ በር ከፍተው «ካርታ የያዘውም መሪ የያዘውም አንድ ናቸው» ብለው የሳቁት ሳቅ! ከዚያ ያቀረቡልን ሽሮ ከየትኛውም ሠርግ ይበልጥ ነበር።

በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተሩ ስለሚጮህ መነጋገር ጭንቅ ነበር። ኤሚል የሚያየው የፍራንዝን ማጅራት ነው። በእጅ ምልክት፣ ትከሻ በመምታት ይግባባሉ። እኛ ግን ሞተርም ሳይጮህብን ተደናቆርን። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ፎቶውን አብሬ ልኬልሃለሁ። ለጥር አዲስ አበባ እመጣለሁ። መጀመሪያ እትዬ አስካለ ጋ እንሂድ። መንገዱን አንተ ምራኝ፤ የት እንዳረፉ እንኳ አላውቅም።

ያንተው ኤሚል፣
ሳምሶን