ስለ ቢርድድ ድራገኖቻችን የአንጀት ተውሳክ ሕክምና
የተከበራችሁ አባላት፦

ቢርድድ ድራገን የተባለው እንሽላሊታችን ዓይነ ምድሩ ሲቀጥን ወይም ክብደቱ ሲቀንስ መድኃኒት ለመግዛት ከመቻኮላችን በፊት፣ ትኩስ ዓይነ ምድር ለእንስሳት ሐኪም ወስደን በማይክሮስኮፕ እንድናስመረምር አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱም ፒንዎርም ለተባለው የአንጀት ትል የሚታዘዘው ፌንቤንዳዞል፣ ትል ሳይሆን ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ የሆነውን ኮክሲዲያ አያጠፋም፤ ለዚህኛው እንደ ቶልትራዙሪል ያለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። ጥቂት ፒንዎርም ብቻ ተገኝቶ እንስሳው በደንብ የሚበላ ከሆነ፣ ሐኪሙ ምንም ላያዝ ይችላል፤ ይህ ቸልተኝነት አይደለም። የመድኃኒቱ መጠን በግራም ከተመዘነ ክብደት ተነሥቶ ስለሚሰላ በግምት አትስጡ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማደሪያው ንጽሕና ነው። የኮክሲዲያ እንቁላል በተለመደው በረኪና በቀላሉ ስለማይሞት፣ አሸዋውን አውጥታችሁ የወጥ ቤት ሶፍት አንጥፉ፣ ዓይነ ምድሩን ወዲያው አንሡ፣ ዕቃዎቹንም እንስሳውን ካወጣችሁ በኋላ በፈላ ውኃ ወይም በእንፋሎት አጽዱ። እንሽላሊቱ ሳይበላቸው የቀሩ ፌንጣዎች ዓይነ ምድሩን ስለሚበሉና እሱም መልሶ እነሱን ስለሚበላቸው፣ ማታ ማታ ልቀሟቸው። ምርመራው መድኃኒቱ ካለቀ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገም።